የባልደረባ ስህተት ዋጋ
(ሙያን ስለ ማስተላለፍና አብሮ ስለ መሥራት፣ ለደባርቅና ለዳባት ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ስለ አንድነት የሚነገሩትን ተረቶች ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ድሩና አንበሳው፣ ሃምሳ ሎሚውና ሃምሳው ሰው በየስብሰባው ሲነሡ ኖረዋል። ዛሬ በተረት አልጀምርም። ተረቱን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ አብሮ የከፈተው ሱቅ፣ አብሮ የገዛው ወፍጮ፣ አብሮ የወሰደው ብድር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለምን ይፈርሳል? ከዚህ ጥያቄ ልነሣ።

በከተሞቻችን ለዓመታት ሲደጋገም የኖረ አንድ ቃል አለ፤ «ተደራጁ» የሚል። አሥር ወጣቶች ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ማኅተም ያስቀርጻሉ፤ ሼድና ብድር ይጠይቃሉ። ከአሥሩ መሐል ሥራውን በትክክል የሚያውቀው አንድ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ዕድለኞች ናቸው። ቀሪዎቹ የገቡት ቁጥር ለማሟላት ነው። ያ አዋቂ የብየዳውን ወይም የእንጨት ሥራውን ምስጢር ለጓደኞቹ ቢያሳይ ምን ያገኛል? ትርፉ እኩል ይከፈላል፤ የማስተማሩ ድካም ግን የእሱ ብቻ ነው። ባያሳያቸውስ ምን ይቀርበታል? ለጊዜው ምንም። እንዲያውም ያለ እሱ ምንም የማይንቀሳቀስበት ቤት ውስጥ ተለማማጭ በዝቶለት ይኖራል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እኔም እናንተም በእሱ ቦታ ብንሆን እንደዚያው ነበር የምናስበው። በአገራችን «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በልብ የተያዘው ሙያ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ሲወርድ አይተናል።

የዛሬው ነገሬ እንግዲህ ይህ ነው። ሰው ሙያውን ከልቡ የሚያስተምረው የተማሪው ስህተት ኪሱን ሲነካው፣ የተማሪውም መብቃት ኪሱን ሲሞላው ነው። ፍቅርና ደግነት አያስፈልጉም አላልኩም። በደግነት ብቻ የቆመ የንግድ ሽርክና ግን እስካሁን አላየሁም።

ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር የተመዘገበው ፓርክ፣ ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ደባርቅ ነው። እንግዳ በሚመጣበት ዘመን ከዚያ ደጅ የሚነሣው ቡድን አራት ዓይነት ባለሙያ ነበረው፦ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና የበቅሎ ጫኝ። ሳንቃበር ያድራሉ፤ በጅንባር አልፈው ግጭ ይወጣሉ፤ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆመው ገደሉን ያያሉ፤ ወደ ጨነቅ ይወርዳሉ፤ ልቡ የጸና ቧሂትን ተሻግሮ እስከ ራስ ደጀን፣ እስከ 4,550 ሜትር ይዘልቃል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ በጣም የተሳሰረ ስለሆነ የአንዱ ጥፋት ሳይመሽ ሁሉም ላይ ይደርሳል። ጭነቱን እንውሰድ። በቅሎዋ ላይ ግራው ከቀኙ ከከበደ ወይም ድልድሉ ከተጨማደደ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ይዞራል፤ ጠፍሩ ቆዳዋን ይልጣል። ሰፈር ሲደረስ በቅሎዋ ገጣባ ሆናለች፣ ድንኳኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል፣ አብሳዩ ያለ ድስት ቁጭ ብሏል፣ አስጎብኚው በብርድ የሚንቀጠቀጡ እንግዶችን በወሬ ሊያሞቅ ይሞክራል። ስለዚህ የቆየ ጫኝ አዲሱን ልጅ ከጎኑ አቁሞ፣ ገመዱን አስይዞ፣ አሠርቶና አስፈትቶ እንደገና ያሠራዋል። ይህን የሚያደርገው የሥልጠና አበል ተከፍሎት አይደለም፤ የልጁ ልል ቋጠሮ የእሱንም ቀን እንደሚያበላሽበት ስለሚያውቅ ነው።

የአብሳዩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ ወደ 93 ገደማ ይወርዳል፤ ጨነቅ ላይ፣ 3,600 ሜትር ግድም፣ 88 አካባቢ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ነው። ጎንደር ከተማ ሆቴል ውስጥ የተመሰገነ አብሳይ እዚህ ሲመጣ የመጀመሪያ ምሽቱ ውርደት ነው። የተራራው አብሳይ ጥራጥሬውን ከዋዜማው ይነክራል፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጭናል፤ ቶሎ የሚበስለውንና የማይበስለውን ለይቶ የአምስት ቀኑን ምግብ ደባርቅ ላይ ሳለ ያሰላል። ይህ ዕውቀት እዚህ የሚተላለፈው እሳት ዳር፣ ከሰው ወደ ሰው ነው። የራት መበላሸት የአስጎብኚውን ጉርሻ ስለሚያስቀር አስጎብኚው ራሱ አዲሱን አብሳይ ልምድ ካለው ጋር አንድ ሁለት ጉዞ አስኪዶ ነው የሚያምነው።

አስጎብኚውስ ማን ያሠለጥነዋል? የዋልያውን፣ የጭላዳውንና የቀይ ቀበሮውን ታሪክ ከመጽሐፍ ይማራል። የእንግዳን ፊት ማንበብ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ራሱን የሚያመው፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ ደህና ነኝ እያለ እግሩ የሚወላገድበት ሰው ወደ ላይ መውጣት የለበትም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጀማሪ አስጎብኚ እንግዳው ከፍሏልና ጫፍ ላድርሰው ይላል። ነባሩ ደግሞ ገና ሳንቃበር ላይ የማን ወሬ እንደቀነሰ ልብ ብሎ አይቷል። ይህን ለመማር ከነባሩ ኋላ ኋላ ሄዶ ማታ ማታ «ያንን ሰውዬ ለምን መለስከው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥሩውን ካነሣሁ ዘንዳ ጉድለቱንም ልናገር፤ ቅር የሚላችሁ አትጠፉም። በደባርቅ ሥራው የሚደርሰው በተራ ነው። ተራ ፍትሐዊ ነው፤ ዘመድ የሌለውም ልጅ እንጀራ ይበላል፤ ባለ አንድ በቅሎ ገበሬ ከባለ አምስቱ እኩል ቀኑን ያገኛል። ይህን የሚያፈርስ ሐሳብ ይዤ አልመጣሁም። ነገር ግን በተራ ብቻ የሚሠራ ሥራ ለጥሩና ለመጥፎ ሠራተኛ እኩል ቀን ይሰጣል፤ ለሚያስተምርና ለማያስተምርም እንዲሁ። ይባስ ብሎ፣ ዛሬ ያስተማርኩት ልጅ ነገ በወረፋው ላይ አንድ ስም ይጨምራል፤ የእኔም ቀን በዚያው ልክ ይርቃል። እንግዲህ ለምን ላስተምረው? ብዙ ነባር ባለሙያ ወጣቱን የሚሸሸው በዚህ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን መቀየር ይቻላል፤ አስተማሪው ከተማሪው ጋር ለሚወጣበት ጉዞ ተራው ሳይቃጠልበት እንዲቆይለት ማድረግ አንዱ መንገድ ነው። ማኅበር ያላችሁ ሰዎች ከእኔ የተሻለ መላ ታገኙለታላችሁ፤ እኔ የምለው ማስተማር ኪሳራ እንዳይሆን ብቻ ነው።

ከተራራው ወደ እርሻው እንውረድ። የዳባት፣ የደባርቅና የወገራ ደጋ የገብስ አገር ነው። ለጠላና ለበሶ የምንዘራውን ገብስ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢዘራው ጎረቤቱን አይመለከተውም። የቢራ ገብስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ብቅል የሚሆነው ሁሉም ፍሬ እኩል ሲጎነቁል ነው፤ ዝርያው ከተቀላቀለ አንዱ በሦስት ቀን ያቆጠቁጣል፣ ሌላው ገና ተኝቷል። ዩሪያ የበዛበት ማሳ ደግሞ ፍሬው ፕሮቲን ያበዛና ለቢራ የማይመች ይሆናል። ፋብሪካው የሚቀበለው በኩንታል ብቻ አይደለም፤ በመኪና ሙሉ የመጣውን ናሙና አውጥቶ ይመረምራል። የአንድ ሰው ድብልቅ ገብስ የሃያ ሰው ጭነት ያስመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ማሳውን በራሱ ዕውቀት ብቻ ይዞ የኖረ ገበሬ የጎረቤቱን ዘር ሄዶ ማየት ይጀምራል። «አያ፣ ይህንን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። አረሙን ሲነቅል ድንበር ተሻግሮ ይነቅላል። የልማት ሠራተኛ በዓመት ሦስት ስብሰባ ጠርቶ ያላመጣውን የጎረቤት ትምህርት አንድ ተመላሽ መኪና ያመጣዋል።

አሁን ስለ ማስተማሩ አካሄድ ጥቂት ልበል። ጂን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ላይቤሪያ ውስጥ የልብስ ሰፊዎችን ተለማማጆች ስታጠና አንድ ነገር አስተዋለች። ልብስ ሲሠራ ቅዱ ይቀድማል፣ ስፌቱ ይከተላል፣ ቁልፉና ዝምዝማቱ መጨረሻ ነው። ተለማማጁ የሚማረው ግን ተገልብጦ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይዘመዝማል፤ ከዚያ ይሰፋል፤ መቀስ የሚይዘው በስተመጨረሻ ነው። ለምን? ቁልፍ ቢበላሽ ይፈታል፤ ጨርቅ ተሳስቶ ከተቀደደ ግን ገንዘቡ ሄደ። ተማሪው ቁልፉን ሲተክል ደግሞ ያለቀለትን ልብስ በእጁ እየዳበሰ ምን መምሰል እንዳለበት ያጠናል። የዳባትን ገበያ በረንዳዎች ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ በሲንጀር መኪና የሚሰፉት የእኛ ሰዎችም ልጁን ከቁልፍ ነው የሚያስጀምሩት። ጉድለታችን ያለው ማስቆሙ ላይ ነው። ልጁ ለአራት ዓመት ቁልፍ ሲተክል ይኖራል፤ መቀሱን የሚይዝበት ቀን አልተቆረጠለትም። አንድ ሌሊት ጥሎ ይሄድና ጎንደር ላይ ግማሽ ሙያ ይዞ ሱቅ ይከፍታል። ጌታው «ከዳኝ» ይላል። የተቀጠረ ቀን በሌለበት ግን ክዳት የለም።

ቅኔ ቤትን የሚያውቅ ይህን ችግር አባቶች እንዴት እንደፈቱት ያውቃል። የኔታ መቶ ተማሪ ብቻቸውን አይዙም። ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ያለማምዳል፤ የታናሹን ስህተት ሲያርም የራሱ ግሥ ይጠነክራል፤ ሲያስነግር ያልገባው ቦታ ይጋለጣል። እዚያ ማስተማር የትምህርቱ አንድ ደረጃ ነው፤ ሳያስነግሩ መምህር መሆን የለም። ጎንደር ለዘመናት ሊቅ ስታፈራ የኖረችው በዚህ መንገድ ጭምር ነው። የንግድ ቤቶቻችን ከዚህ ትምህርት ቤት አጠገብ ኖረው ምንም አለመውሰዳቸው ይገርመኛል።

መጨረሻ ያለው ማስተማር ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የኢትዮጵያ አየር መንገድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ፤ በ1946 ወደ ካይሮ በረረ። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ አስተዳዳሪውም የውጭ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1966 ውሉ ተስተካክሎ ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከ1946 እስከ 1971 ሲቆጠር 25 ዓመት ነው፤ አጭር አይደለም። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉት፦ አንድ ኢትዮጵያዊ ከመሪው ጎን ለዓመታት ተቀመጠ፣ ከዚያ ወንበሩ ተለቀቀ። ምክትል ብሎ ሾሞ ፊርማ መከልከል እኛ አገር የተለመደ በሽታ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

    

ወደ ራሳችን ልመለስ። ሙያ ስለ ማስተላለፍ ስናገር አንዳንዱ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» ይል ይሆናል። የእኛ ገበሬ ከደቦ ሌላ ወንፈል የሚባል ነገር እንዳለው ረስቶ ነው። በደቦ ጠሪው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ሰፈሩን ሁሉ ያሰማራል፤ ሥራውም ዘፈኑም ደማቅ ነው፤ ማን ስንት ነዶ እንዳጨደ ማንም አይቆጥርም። በወንፈል ግን ይቆጠራል። አንተ ለእኔ ሁለት ቀን ካጨድክ እኔ ለአንተ ሁለት ቀን አጭዳለሁ፤ በበሬ ከመጣህ በበሬ እመለስልሃለሁ፤ ሕፃን ልጅህን በአንተ ምትክ ብትልክ ፊት ይዞርብሃል። መዝገብ የለም፣ ሁሉም ያስታውሳል። ስለ አብሮ መሥራት ስናወራ ደቦን እናሞግሳለን፤ ለንግድ የሚሆነው ግን ወንፈል ነው ባይ ነኝ። ሒሳቡን በሆዱ የያዘ ሸሪክ የሚጣላው ከረፈደ በኋላ ነው። ሒሳቡ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በሸሪኮቹ ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ወፍጮ ቤት ጭቅጭቅ ቢኖርበትም ይቆያል። የእኛ ሰው ይህን እንደ አለመተማመን ይቆጥረዋል፤ «ወንድሜን እንዴት ሒሳብ እጠይቃለሁ?» ይላል። በወንፈል ግን ወንድሙን ሲጠይቅ ኖሯል።

ከዚሁ ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ ላንሣ። የሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የሚታየውን ሎጅ ታውቁታላችሁ። የመሠረቱት በሰሜን አስጎብኚነት የሠሩ ሁለት የአካባቢው ሰዎች ከአንዲት ብሪታንያዊት ሸሪካቸው ጋር ነው፤ የአፍሪካ ዱር እንስሳት ፋውንዴሽን በኢንቨስትመንት ደገፋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፈተ። ግድግዳው በተጠቀጠቀ አፈር ነው የቆመው። ሁለቱ ሰዎች የእንግዳውን ሥራ ከታች ሆነው ለዓመታት አይተውታል፤ ቁልፉን ተክለዋል ማለት ነው። ቀሪውን ደግሞ ከሸሪካቸው ጋር ተጋርተዋል። እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን ነገር ይዞ መጣ። በየቀበሌው የምናየው ሽርክና ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነገር የያዙ፣ ወይም ምንም ያልያዙ፣ አብሮ አደጎች ስብስብ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር «እንግዳው የት አለና?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ግንባሩ ወደ ሊማሊሞ ግርጌ ቀረበ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት አለ። በቅሎ የሸጠ አለ፤ ድንኳን የሸጠ አለ፤ አገር ለቅቆ የሄደ አስጎብኚ አለ። የምፈራው ግን ከበቅሎዋ ይልቅ ሙያው ነው፤ በቅሎ በገንዘብ ይመለሳል። አምስት ስድስት ዓመት ያለ ተተኪ ያለፈ ሙያ፣ ጭነት ማመጣጠን የሚያውቀው ሰው ሲያረጅ፣ ከማን ይገዛል? ሥራ በጠፋበት ዘመን ማስተማር በተራ ወረፋ ላይ ማንንም አይጎዳም፤ ሽሚያው ራሱ የለምና። ነባሮቹ ካሁኑ ካልጀመሩ እንግዳው የተመለሰ ዕለት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን ሥራውን ይረከባል፤ ደባርቅም በር ከፋች ሆና ትቀራለች።

በመጨረሻ ስለ ግጭ ሰዎች ልናገር። በ2008 ዓ.ም ከፓርኩ መሐል ከ400 በላይ አባወራ ተነሥቶ ደባርቅ ዳር ሰፈረ። ካሳ ተከፍሏል፤ ቤት ተሠርቷል። ገብስና በግ ብቻ የሚያውቅ የአርባ ዓመት ሰው ግን ከተማ ገብቶ ምን ይሥራ? ሥልጠና ሲባል የሚጠራው ወጣት ነው። የአርባ ዓመት ተለማማጅ በባህላችን ቦታ የለውም፤ የ22 ዓመት በያጅ «አንቱ» እያለ የሚያከብረውን ሰው «ተሳስተዋል» ማለት ይከብደዋል፤ ሰውየውም ከልጅ ትእዛዝ መቀበል ይከብደዋል። ይህን እንቅፋት በስብከት የሚያነሣ የለም።

የሚያነሣው ሁለቱም አዋቂ፣ ሁለቱም ተማሪ የሚሆኑበት ሥራ ነው። የግጭ ገበሬ የበግ ወገብ በእጁ ዳብሶ የትኛው እንደሚሰባ፣ የትኛው መኖ ብቻ እንደሚጨርስ ይለያል፤ የሳል በሽታውን ከሩቅ ይሰማል። የደባርቅ ወጣት ነጋዴ ከዚህ አንዱንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የጎንደርን ገበያ ዋጋ፣ የመኪናውን ኪራይ፣ የባንኩን ወረቀት ነው። ወጣቱ በግ ሲገዛ ቢሳሳት ገበሬው ይከስራል፤ ገበሬው ዋጋ ሳያውቅ ቢሸጥ ወጣቱ ይከስራል። ስለዚህ ወደ ገበያ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ሲገዛ ገበሬው ይናገራል፣ ሲሸጥ ወጣቱ። ትርፉ ስንት ስንት እንደሚደርሳቸው፣ በግ ቢሞት ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ በሁለት ሽማግሌ ፊት ይጻፋል፤ ከስንት ገበያ በኋላ ሁለቱ ቦታ እንደሚቀያየሩም አብሮ ይጻፋል። በመስከረም መጨረሻ የተገዛ በግ ለገና ገበያ ይደርሳል።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።